ፊልም ለማጥናት ፊልሙ ብቻ አይበቃም

ስለ ፊልምና ስለ መገናኛ ብዙኃን ጥናት ሲነሣ ብዙ ሰው፣ ከተማሪው አልፎ መምህሩም ጭምር፣ የተስማማበት አንድ አስተሳሰብ አለ። ቤተ መጻሕፍት ለታሪክ፣ ለሕግና ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነው፤ ፊልም የሚያጠና ሰው የሚያስፈልገው ፊልሙ፣ ደህና ኢንተርኔትና ሁለት ሦስት የንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉም ቢሆን በፒዲኤፍ ከቴሌግራም ይወርዳል ይባላል። የኢትዮጵያን ፊልም የሚያጠናው ደግሞ ሌላ ይጨምርበታል፦ «ስለ እኛ ፊልም የተጻፈ ነገር ስለሌለ ቤተ መጻሕፍት ብሄድም የምመለሰው ባዶ እጄን ነው»። ይህን ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይሆንም። በቅንነት የሚያምኑበት ትጉህ ሰዎች አሉ፣ ምክንያትም ያቀርባሉ። ስሕተቱ ያለው ከትጋት ማነስ ላይ ሳይሆን ከመነሻው ላይ ነው፤ ፊልም ስለ ራሱ የተሟላ ምስክር ነው፣ ደጋግሞ ያየው ሰው ሁሉን ያውቃል ከሚለው እምነት ላይ። ይህ እምነት ሲፈተን ውሃ አያነሳም።

ከማስረጃዎቹ ሁሉ ጠንካራው የአንድ አጭር የአሜሪካ ፊልም ታሪክ ነው። ኤድዊን ፖርተር ለኤዲሰን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1903 «የአንድ አሜሪካዊ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሕይወት» የሚል የጥቂት ደቂቃ ፊልም ሠራ። መጨረሻው ላይ ቤት ይቃጠላል፤ እናትና ልጅ ፎቅ ላይ በጭስ ታፍነዋል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛው ደርሶ ያወጣቸዋል። በ1940ዎቹ በኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እጅ በገባው ቅጅ ላይ ይህ ትዕይንት ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ እየተመላለሰ ይታያል። ሰውየው ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ከውስጥ እናየዋለን፤ ሴትዮዋን ተሸክሞ በመሰላል ሲወርድ ከውጭ፤ ልጁን ፍለጋ ሲመለስ እንደገና ከውስጥ። ዛሬ ማንኛውም የቴሌቪዥን ድራማ የሚጠቀምበት ቅንብር ነው። በዚህም የተነሣ ብዙ የፊልም ታሪክ ጸሐፍት ቅጅውን እያዩ ፖርተርን የዘመናዊው የፊልም ቅንብር ፈር ቀዳጅ አደረጉት። ከመካከላቸው የዋሸ የለም። ሁሉም የጻፉት በዓይናቸው ያዩትን ነው።

ዋሽንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ግን የዚሁ ፊልም ሌላ ቅጅ ተቀምጦ ነበር፤ ያውም በወረቀት ላይ የታተመ። የአሜሪካ የቅጅ መብት ሕግ እስከ 1912 ድረስ ፊልም የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ፎቶግራፍን ግን ያውቃል። ስለዚህ ከ1894 ጀምሮ የፊልም ሠሪዎች ሥራቸውን ለማስመዝገብ ሲፈልጉ እያንዳንዱን ምስል በረጅም የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ አትመው፣ ጠቅልለው፣ እንደ ፎቶግራፍ ለቤተ መጻሕፍቱ ያስረክቡ ነበር። የፖርተር ፊልም የወረቀት ጥቅል ሲፈታ የታየው ቅንብር ሌላ ሆነ። መጀመሪያ የማዳኑ ሥራ በሙሉ፣ ከእናቲቱ እስከ ልጁ፣ ከክፍሉ ውስጥ ሆኖ ይታያል። ያ ካለቀ በኋላ ያው ድርጊት እንደገና ከመጀመሪያው ተነሥቶ ከውጭ ይታያል። መመላለስ የሚባል ነገር የለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቻርልስ መሰርና አንድሬ ጎድሮ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለቱን ቅጆች ከኩባንያው ካታሎግና ከዘመኑ ሌሎች ፊልሞች ጋር አመሳክረው፣ የመጀመሪያው የወረቀቱ መሆኑን፣ የሙዚየሙ ቅጅ ግን በኋላ ዘመን ሰው እንደ ራሱ ዘመን ልማድ ተቆርጦ የተቀጠለ መሆኑን አሳዩ። በዚህም ስለ አንድ ሰው የተሰጠ ሙገሳ ብቻ አልነበረም የወደቀው። የ1903 ተመልካች አንድን ድርጊት ሁለት ጊዜ ከሁለት አቅጣጫ ማየቱ እንደማይረብሸው፣ በፊልም ውስጥ ስላለ ጊዜ የነበረው ግንዛቤ ከእኛ የተለየ እንደነበር ተገለጠ። የመጀመሪያዎቹ የፊልም ዓመታት አጠቃላይ ጥናት በእንዲህ ያሉ ግኝቶች አቅጣጫውን ቀየረ።

እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። ሁለቱም ቅጆች ፊልሞች ናቸው፣ ሁለቱም ይታያሉ። የቱ እውነተኛው እንደሆነ ግን የትኛውንም መቶ ጊዜ በማየት አይታወቅም። እንዲያውም በማየት ብቻ ቢፈረድ የሚያሸንፈው የተጭበረበረው ነው፤ ለእኛ ዓይን የሚጥመው፣ የለመድነው እሱ ነውና። ጉዳዩን የዳኙት የመዝገብ ቀን፣ የካታሎግ መግለጫና ወረቀት ናቸው። ይህን ሥራ በስክሪን ላይ መሥራት የሚቻልበት መንገድ አልነበረም።

የወረቀት ጥቅሎቹ ነገር በዚህም አያበቃም። ቁጥራቸው ከ3,000 በላይ ሲሆን፣ የብዙዎቹ ዋና ፊልም ጠፍቶ የቀሩት በወረቀቱ ብቻ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከወረቀቱ ላይ ተመልሰው ወደ ፊልም ተገለበጡ። ይህ ሲታይ «ቤተ መጻሕፍት ለፊልም ምን ያደርጋል» የሚለው ጥያቄ ራሱ ይገለበጣል፤ ለብዙ ፊልሞች ቤተ መጻሕፍት ባይኖር ፊልሙም አይኖርም ነበር። በ1912 እና በ1929 መካከል አሜሪካ ውስጥ የተሠሩት ድምፅ አልባ ረጅም ፊልሞች ወደ 11,000 የሚጠጉ ናቸው። ዴቪድ ፒርስ ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት ከእነዚህ በመጀመሪያ ይዞታቸው የተገኙት 14 በመቶው ብቻ ናቸው። በዚያ ዘመን ፊልም የሚታተምበት ናይትሬት በቀላሉ የሚቀጣጠል፣ ሲያረጅም የሚበሰብስ ነገር ነበር፤ ኩባንያዎቹም ገበያው ያለፈበትን ፊልም ውስጡ ላለው ብር ሲሉ ያቀልጡት ነበር። እንግዲህ «ፊልሙን አይቼ አጠናለሁ» የሚል ሰው ይህን ዘመን ሲያጠና ከአብዛኛው ሥራ ጋር ሳይገናኝ ይቀራል ማለት ነው። ከጠፉት ፊልሞች የቀረን የጋዜጣ ሒስ፣ የሲኒማ ቤት ማስታወቂያ፣ የሳንሱር መዝገብ፣ ስክሪፕትና ፎቶግራፍ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚገኙት ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው።

ፊልሙ ሙሉ ሆኖ በእጃችን ላይ ሲኖርስ? ያኔም ነገሩ አይለወጥም። «ካዛብላንካ»ን እንውሰድ፤ በመላው ዓለም ሺህ ጊዜ የታየ፣ ሺህ ጊዜ የተተነተነ ፊልም ነው። ባለታሪኳ ኢልሳ ማታ ባለታሪኩ ሪክ ክፍል መጥታ ሽጉጥ ደቅናበት፣ ከዚያ ተሸንፋ የምትወድቅበት ትዕይንት አለ። ሁለቱ ተቃቅፈው ምስሉ ቀስ ብሎ በሌላ ምስል ይተካል፤ ከዚያ ሪክ መስኮት አጠገብ ቆሞ እናገኘዋለን። ስለዚህ ሽግግር ውበትና ትርጉም ብዙ ሊጻፍ ይችላል፤ ተጽፏልም። በቤቨርሊ ሂልስ የማርጋሬት ሄሪክ ቤተ መጻሕፍት ግን የሆሊውድ ሳንሱር ቢሮ መዛግብት ተቀምጠዋል፤ ከእነሱም መካከል የቢሮው ኃላፊ ጆሴፍ ብሪን ስለዚህ ፊልም ለዋርነር ብራዘርስ የጻፋቸው ደብዳቤዎች አሉ። በስክሪፕቱ ላይ ትዕይንቱ የሚዘጋው ምስሉ ጨርሶ በመጨለም ነበር። ብሪን ይህ የአልጋ ግንኙነት መኖሩን ያመለክታል ብሎ፣ ጭለማው ቀርቶ ምስል በምስል እንዲተካ፣ በሚቀጥለውም ትዕይንት አልጋም ሆነ ሶፋ እንዳይታይ ጠየቀ። ፊልሙን ያየ ሰው የዳይሬክተሩ ጥበብ ብሎ የሚያደንቀው ነገር ውስጥ የአንድ ቢሮ ትእዛዝ አለበት። ይህ የፊልሙን ክብር አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ባለሙያዎቹ በተከለሉበት አጥር ውስጥ ምን ያህል እንደቻሉ ያሳያል። ደብዳቤውን ያላነበበ ተንታኝ ግን አጥሩ መኖሩንም አያውቅም።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ቀዳሚ መልስ «አሁን ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ» የሚል ነው። ከፊሉ እውነት ስለሆነ በቁም ነገር መመለስ ይገባዋል። የሚዲያ ታሪክ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት የተባለው ፕሮጀክት ሚሊዮኖች ገጽ የሚሆኑ የድሮ የፊልም መጽሔቶችንና የንግድ ጋዜጦችን በነፃ አቅርቧል፤ አዲስ አበባም ሆነ ሪያድ የተቀመጠ ሰው ስልኩ ላይ የ1920ዎቹን የሲኒማ ባለቤቶች ጋዜጣ ማንበብ ይችላል። ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ስሙን ግን ልብ በሉ፦ ቤተ መጻሕፍት ነው። ጠራዦቹን ከመደርደሪያ ያወረዱት፣ ገጽ በገጽ ያነሡት፣ ርእስና ቀን የሰጧቸው ሰብሳቢዎችና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ናቸው። ኢንተርኔት ላይ የምናገኘው ጠቃሚ ነገር አብዛኛው ቤተ መጻሕፍት ያፈራው ነው፤ ልጁን ይዞ እናቲቱን መካድ አይቻልም።

ቤተ መጻሕፍት ያልነካው የኢንተርኔት ክፍል ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ የዜና ፊልሞችን መመልከት ይበቃል። የእንግሊዙ የዜና ፊልም ኩባንያ ብሪቲሽ ፓቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 85,000 የሚሆኑ ፊልሞቹን ዩቲዩብ ላይ ለቀቀ፤ ስለ ኢትዮጵያም ያሉት ጥቂት አይደሉም። ዛሬ በየዘጋቢ ፊልማችን ስለ 1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ጦርነት የሚታዩት ምስሎች ብዙዎቹ ከእንዲህ ያለ ምንጭ የተወሰዱ ናቸው። ነገር ግን ቁራጩ ዩቲዩብ ላይ ከተጫነ በኋላ ሌላው ቆርጦ፣ ሦስተኛው ሙዚቃ ጨምሮበት፣ አራተኛው ርእሱን ለውጦ ያሰራጨዋል። ወታደሮቹ የማን ናቸው? ቦታው የት ነው? ምስሉ ከጦርነቱ በፊት የተነሣ ነው ወይስ በኋላ? የዜና ፊልም ኩባንያዎች አንዱን ምስል ለሌላ ዜና ደግመው ደጋግመው ይጠቀሙበት ስለነበር ምስሉን በማየት ብቻ መመለስ አይቻልም። መልሱ ያለው ካሜራማኑ ከፊልሙ ጋር በሚልከው የማስታወሻ ወረቀት፣ በተራኪው ጽሑፍና በኩባንያው የእትም መዝገብ ላይ ነው። የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ለዜና ፊልሞቻቸው ያዘጋጁት የመረጃ ቋት እንዲህ ያሉ ወረቀቶችን ያካተተው በዚህ ምክንያት ነው። ያንን ሳይመለከት ምስል ለጥፎ «ይህ የማይጨው ጦርነት ነው» የሚል ዘጋቢ ሕዝብን እያሳሳተ መሆኑን ራሱም አያውቅም።

ወደ ራሳችን ፊልም ስንመጣ የ«ምንም የለም» ክርክር ይነሣል። በመጀመሪያ ነገር እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው፣ አቦነህ አሻግሬ ከሁለት የውጭ ተመራማሪዎች ጋር ያዘጋጁት የኢትዮጵያና የአካባቢው ሲኒማ ታሪክ መጽሐፍ ብቻውን ይህን አባባል ያፈርሰዋል። ሁለተኛ፣ «ስለ ፊልም የተጻፈ» ማለት «ፊልም» የሚል ርእስ ያለው መጽሐፍ ማለት ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ታሪክ በካታሎጉ ላይ ማዘጋጃ ቤት፣ ግብር፣ ቲያትር፣ ፕሮፓጋንዳ፣ የውጭ ዜጎች በሚሉ ርእሶች ሥር ተበትኖ ይገኛል። በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በወመዘክርም የተጠረዙ ጋዜጦችና መጽሔቶች አሉ፤ «ብርሃንና ሰላም»፣ «አዲስ ዘመን»፣ «ኢትዮጵያን ሄራልድ»፣ «መነን»። «ፊልም» የሚለውን ቃል ብቻ ፈልጎ ያጣ ሰው የፈለገው በተሳሳተ በር ነው፤ አንድ ልምድ ያለው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ትክክለኛውን በር ሊያሳየው ይችል ነበር።

«ሂሩት አባቷ ማን ነው»ን በምሳሌነት ላንሣ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም እየተባለ ይጠቀሳል፤ ጊዜው 1957 ዓ.ም. ነው። ይህ ቁጥር የዘመን አቆጣጠሩ ሳይገለጽ ወደ ውጭ ቋንቋ ሲሻገር እንደ አውሮፓውያን 1957 ሊነበብ ይችላል፤ የሚያስተካክለው ሰው ሲመጣም ከ1964 እና ከ1965 አንዱን በግምት ይመርጣል። ሰባትና ስምንት ዓመት ቀላል ልዩነት አይደለም። በአፍሪካ ሲኒማ ታሪክ ውስጥ አንድን ፊልም ከሴኔጋላዊው ከሴምቤን ኡስማን የመጀመሪያ ሥራዎች በፊት ወይም በእነሱው ዘመን የሚያስቀምጥ ልዩነት ነው። እርግጡን የሚናገረው የዘመኑ ጋዜጣ ነው። የ1957 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» እና «ሄራልድ» ጥራዞችን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን የሚገልጥ ተማሪ የመታያውን ቀን ብቻ አይደለም የሚፈልገው። በዚያው ሳምንት በሌሎቹ ሲኒማ ቤቶች የትኛው የአሜሪካ፣ የትኛው የሕንድ ፊልም ይታይ ነበር? የመግቢያው ዋጋ ስንት ነበር? ለፊልሙ የተሰጠው ቦታ ምን ያህል ነው፣ ማን ተገኘ፣ ማን ዝም አለ? የፊልሙ ዳይሬክተር ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ «ጉማ»ን የሠራው ሚሼል ፓፓታኪስም የግሪክ ተወላጅ ነው። የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ፊልሞች በአዲስ አበባ ግሪኮች እጅ የተሠሩበት ምክንያት ምንድን ነው? ካሜራው፣ ገንዘቡ፣ ላቦራቶሪው ከየት መጣ? ይህ ራሱን የቻለ ታላቅ ጥናት ነው፤ ፊልሞቹን በማየት ግን አንዱም ጥያቄ አይመለስም። የግዕዝ ፊደል አሮጌ ጋዜጣ አብዛኛው ጉግል ላይ ቃል ተተይቦ ስለማይገኝም ከመቀመጥና ገጽ ከመግለጥ ሌላ አቋራጭ የለም።

ስለ መጀመሪያው የአዲስ አበባ ሲኒማ፣ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ስላለው፣ የምናወራውም በአብዛኛው አንዱ ከሌላው እየቀዳ የሚደግመው ነው። ፓሪስም እንዲህ ያለ ተረት አላት። ወንድማማቾቹ ሉሚየሮች እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ፊልም ሲያሳዩ ተመልካቹ ባቡሩ የሚደፈጥጠው መስሎት ከአዳራሹ ሮጠ ይባላል። በዚያ ዕለት ከታዩት አሥር አጫጭር ፊልሞች ውስጥ ግን የባቡሩ መምጣት አልነበረበትም፤ የዘመኑን ጽሑፎች የመረመረው ማርቲን ሎይፐርዲንገርም የተባለውን ሽሽት የሚያረጋግጥ ማስረጃ አላገኘም። ለመቶ ዓመት በየመማሪያ መጽሐፉ የተደገመ ታሪክ የወደቀው የዕለቱን ፕሮግራምና የዘመኑን ጋዜጣ ባነበቡ ሰዎች ነው። የእኛ ሰይጣን ቤትም ስሙን ከመድገም አልፎ ምን እንደታየበት፣ ማን እንደገባበት የሚጠይቅ አንባቢ ይገባዋል።

ከተቃውሞዎች ሁሉ ከባዱ የሚመስለኝ «ቤተ መጻሕፍቶቻችን አይመቹም» የሚለው ነው። የትብብር ደብዳቤ ይጠየቃል፣ ጥራዙ ይጎድላል፣ ማንሻ ማሽኑ ይበላሻል፣ ካርዱ ላይ ያለው መደርደሪያው ላይ አይገኝም። ይህን ሁሉ መካድ ተማሪውን መበደል ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ አንሂድ» ማለት ሁኔታውን ያባብሰዋል። ጠያቂ የሌለው ጥራዝ አይጠገንም፣ አንባቢ የማይመጣበት ክፍል በጀት አይመደብለትም። ጎደሎው ቅጽ ደግሞ ሌላ ቦታ ሊኖር ይችላል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በናይሮቢ ባለው ቢሮው አማካይነት የኢትዮጵያን ኅትመቶች ለብዙ አሠርት ዓመታት ሲሰበስብ ኖሯል፤ የአንባቢነት መታወቂያውም 16 ዓመት ለሞላው ሰው ሁሉ በነፃ ይሰጣል። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን ከዚህ ሀብት ያላቸው ርቀት የባቡር ጉዞ ነው። አዲስ አበባ ያለው ተመራማሪና እዚያ ያለው ወገኑ ተጋግዘው የጎደለውን ቅጽ ማሟላት ይችላሉ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የትኛው ቅጽ፣ የትኛው ቀን እንደጎደለ ማወቅ ነው። ያም የሚታወቀው ሄዶ በማየት ነው።

መዛግብት የገዢዎችን ድምፅ ብቻ ይዘዋል የሚሉም አሉ፤ ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ በቃል ምስክርነት የሚሠሩ ጠንካራ አጥኚዎች ናቸው። እውነት አላቸው፤ የኢጣሊያው የሉቼ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተ፣ በኋላም የሙሶሊኒ የፕሮፓጋንዳ መሣሪያ የሆነ ድርጅት ነው፤ ኢትዮጵያን ሲቀርጽ የቀረጸው በወራሪ ዓይን ነው። የዘውዱ ጋዜጣም፣ የደርግ የፊልም ኮርፖሬሽን ሰነድም የየጌታቸውን ቋንቋ ይናገራሉ። ይህ ግን የማያነቧቸውበት ምክንያት አይሆንም፤ ወራሪው ምን ለማሳየት እንደፈለገ የሚያጋልጠው ራሱ የጻፈው ትእዛዝና የካታሎግ መግለጫ ነው። የሽማግሌ ባለሙያዎች ቃል ውድ ነው፣ ጊዜም አይሰጥም፤ መቀዳት ያለበት ዛሬ ነው። ሰው ግን ከ40 ዓመት በኋላ ዓመተ ምሕረትን ያምታታል፣ የባልደረባውን ድርሻ ይረሳል። የጋዜጣውን ቁራጭ ይዞ የሄደ ጠያቂ ለሽማግሌው ማስታወሻ ይሆንለታል፤ ባዶ እጁን የሄደ ግን የሚነገረውን ሁሉ ተቀብሎ ይመለሳል። ሁለቱ ምንጮች እርስ በርሳቸው እንዲጠያየቁ ማድረግ ነው ጥናት።

ስለዚህ የፊልምና የሚዲያ ትምህርት ክፍሎች በእጃቸው ያለውን ሥልጣን ይጠቀሙበት። ስለ ኢትዮጵያ ፊልም የሚጻፍ የመመረቂያ ጽሑፍ በዘመኑ ጋዜጣ ወይም መዝገብ ያልተረጋገጠ ቀን ይዞ እንዳያልፍ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። በመጀመሪያው ሴሚስተር ተማሪዎችን ይዞ ጥራዝ ክፍል ውስጥ ሁለት ከሰዓት በኋላ መዋልም እንዲሁ። ሌላው ሸክም የፊልም ሠሪዎቹ ነው። ላለፉት ሃያ ዓመታት አዲስ አበባ ላይ የታዩት የቪዲዮና የዲጂታል ፊልሞች አብዛኞቹ ያሉት በግለሰብ ሃርድ ዲስክና በዩቲዩብ ቻናል ላይ ነው፤ ዲስኩ ሲበላሽ ወይም ቻናሉ ሲዘጋ አብረው ይሄዳሉ። ስክሪፕቱ በየረቂቁ፣ የቀረጻው ዕለታዊ መርሐ ግብር፣ የተዋናይ ውል፣ የሳንሱር ወይም የፈቃድ ደብዳቤ፣ ፖስተሩ፣ የሲኒማ ቤቱ የቲኬት ሒሳብ ግን አንድ ካርቶን ውስጥ የሚገባ ወረቀት ነው። ፕሮዲውሰሩ ያንን ካርቶን ፊልሙ ከታየ በኋላ ቢሮ ሲለቅ ከሚጥለው ይልቅ ስድስት ኪሎ ወይም ወመዘክር ወስዶ፣ ፈርሞ፣ ዝርዝሩን ጽፎ ያስረክብ። ቤተ መጻሕፍቶቹም «ይህ መጽሐፍ አይደለም» ብለው በር ላይ አይመልሱት።